ቤተ መቅደስ ያልነበረው ሃይማኖት፦ የቬዳ ዘመን ሰዎች ምን ያምኑ ነበር?

ህንድና ሃይማኖት ሲባል አብዛኞቻችን ጭንቅላት ውስጥ ቶሎ የሚመጣው ከህንድ ፊልም ያየነው ነው፣ ደወል የሚደወልበት ቤተ መቅደስ፣ አበባ የተንጠለጠለበት ሐውልት፣ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ፣ ላም አትነካም፣ ሰው ሲሞት ሌላ ሆኖ ተመልሶ ይወለዳል ምናምን። ግን ከ3000 ዓመት በላይ ወደኋላ ሄደን ቬዳን፣ ማለትም የህንድን የጥንት ቅዱስ መዝሙሮች የገጠሙትን ሰዎች ብናገኛቸው ከዚህ ሁሉ አብዛኛው የለም። ቤተ መቅደስ የለም፣ የሚሰገድለት ሐውልት የለም፣ ያ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሽ የለም፣ ሌላው ዝነኛ አምላክ ክሪሽና የለም፣ በሬ ለመሥዋዕት ይታረዳል፣ ተመልሶ መወለድ የሚባለው ሐሳብም ገና ቅርጽ አልያዘም። ያለው እሳት ነው፣ በትክክል የተባለ ቃል ነው፣ ከአማልክቱ ጋር ደግሞ ምንም የማይደባበቁበት የስጠኝ ልስጥህ ውል አለ። ሂንዱይዝም ከዚህ ነው የበቀለው፣ ግን ዛፉን አይቶ ሥሩን መገመት እዚህ ጋ ብዙም አይሠራም።

እነማን ናቸው? ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ገደማ ዛሬ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ህንድ በምንለው፣ በተለይ ፑንጃብ አካባቢ የኖሩ፣ ራሳቸውን አርያ የሚሉ ጎሳዎች ናቸው። አገራቸውን የሰባቱ ወንዞች ምድር ይሉታል። ከብት አርቢዎች ናቸው፣ ገብስም ይዘራሉ፣ ፈረስና ሠረገላ የክብራቸው ምልክት ነው፣ ከተማ ግን የላቸውም። ሃራፓና ሞሄንጆዳሮ የሚባሉት ትልልቅ ከተሞች እነዚህ መዝሙሮች ከመገጠማቸው በፊት ነው የተዳከሙት። ከየት መጡ የሚለው ህንድ ውስጥ ዛሬም ፖለቲካ ሆኖ ሰው የሚጨቃጨቅበት ጉዳይ ነው፣ አብዛኞቹ ምሁራን ከመካከለኛው እስያ በኩል ቀስ በቀስ እንደገቡ ነው የሚያምኑት፣ እዛው የበቀሉ ናቸው የሚሉም አሉ። የዘመኑን ግምት ከሚደግፉት ነገሮች አንዱ የተገኘው ደግሞ ህንድ ውስጥ ሳይሆን ቱርክ ነው! ቦጋዝኮይ በሚባል ቦታ በተገኘ የሸክላ ጽሑፍ ላይ የሂታይቶቹ (የዛሬዋ ቱርክ የጥንት መንግሥት) ንጉሥ ሱፒሉሊዩማ ከጎረቤቱ ከሚታኒ መንግሥት ገዥ ከሻቲዋዛ ጋር በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ውል ሲያስር ለምስክርነት ከጠሯቸው ብዙ አማልክት መሃል ሚትራ፣ ቫሩና፣ ኢንድራና ናሳትያ አሉበት፣ አራቱም የቬዳ አማልክት ናቸው።

ስለነሱ እምነት የምናውቀው ከሞላ ጎደል ከአንድ ምንጭ ነው፣ ሪግቬዳ ከሚባለው። 1028 መዝሙር አለው፣ በ10 መጽሐፍ የተከፈለ፣ ስንኙ ከ10,000 በላይ ነው። ከ2 እስከ 7 ያሉት መጻሕፍት የገጣሚ ቤተሰቦች ንብረት ናቸው፣ ለምሳሌ ሦስተኛው የቪሽቫሚትራ ቤት፣ ሰባተኛው የቫሲሽታ ቤት እየተባለ፣ 10ኛው ደግሞ ዘግይቶ የተጨመረ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

መጽሐፍ አልኩ እንጂ አልተጻፈም። ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ነው ከ1000 ዓመት በላይ የተጓዘው። እኛ ዳዊት በቃሉ የሚደግም የቆሎ ተማሪ ስለምናውቅ ብዙ ላይገርመን ይችላል፣ ግን የነሱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቃል እንዳይወድቅ ብለው የፈጠሩት መላ አለ። የሪግቬዳ የመጀመሪያ ቃላት "አግኒም ኢሌ ፑሮሂታም" ናቸው፣ ካህን ሆኖ ከፊት የቆመውን እሳት አወድሳለሁ እንደማለት ነው። ተማሪው እንዲሁ ቀጥ አድርጎ ካጠናው በኋላ እንደገና አግኒም ኢሌ፣ ኢሌ አግኒም፣ አግኒም ኢሌ ፑሮሂታም፣ ፑሮሂታም ኢሌ አግኒም፣ አግኒም ኢሌ ፑሮሂታም እያለ ወደፊትም ወደኋላም ይሸምነዋል፣ ከዚያ አንድ ቃል ወደፊት ይሄድና ከኢሌ ጀምሮ ያንኑ ይደግማል። አንድ ቃል ብትስት ወዲያው ትጋለጣለህ። ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚልበት ቦታ ሳይቀር ተጠብቆ ነው ዛሬ የደረሰው፣ ዩኔስኮም ይሄን የቬዳ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2008 የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ለምን ይሄን ያህል ተጨነቁ? ምክንያቱም ለነሱ ቃሉ ራሱ ሥራ ይሠራል። በትክክል ካልተባለ አምላኩ አይመጣም፣ ዝናብም አይመጣም፣ አለቀ።

ወደ አማልክቱ ስንመጣ 33 ናቸው የሚል አባባል መዝሙሮቹ ውስጥ አለ፣ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ከመዝሙሮቹ ሩብ የሚያህለው ለኢንድራ ነው፣ ወደ 250 ገደማ፣ ለእሳቱ አምላክ ለአግኒ ወደ 200፣ መጠጥም አምላክም ለሆነው ለሶማ ከ100 በላይ። ኢንድራ ተዋጊ ነው፣ በላተኛ ነው፣ ጠጪ ነው፣ በጥባጭ ነገርም ነው። ትልቁ ገድሉ ቭሪትራ የተባለውን ዘንዶ መግደሉ ነው፣ ዘንዶው ተራራ ላይ ተጋድሞ ውሃውን ሁሉ ዘግቶ ይዞት ነበር፣ ኢንድራ ሶማ ጠጥቶ ተነሳና ቫጅራ በሚባለው መሣሪያው ጨፈለቀው፣ ወንዞቹም እንደሚያገሱ ላሞች እየተጣደፉ ወደ ባሕር ወረዱ ይላል ገጣሚው። ዝናብ ጠብቆ ለሚኖር ከብት አርቢ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም። ኡሻስ ደግሞ አለች፣ ጎህ ናት፣ ለሷ የተገጠሙት ወደ 20 የሚሆኑ መዝሙሮች እንደኔ ከሁሉም በላይ የሚያምሩት ናቸው፣ ሁልጊዜ ወጣት ሆና በሠረገላ ትመጣለች፣ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ይነቃል፣ ግን በመጣች ቁጥር ከሰው ዕድሜ እየቀነሰች ነው የምትሄደው። ዛሬ ታላላቅ የሆኑት ግን እዚህ ታናናሽ ናቸው፦ ቪሽኑ በሦስት እርምጃ ዓለምን የለካ ተብሎ በጥቂት መዝሙሮች ብቻ ይወደሳል፣ በኋላ ሺቫ ከሚባለው ጋር የተዋሃደው ሩድራ ደግሞ ለብቻው የተሰጡት ሦስት መዝሙሮች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ባብዛኛው ልጆቻችንንና ከብቶቻችንን ተውልን የሚሉ ልመናዎች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መሥዋዕቱ። ያጅና ይሉታል። ካህን ብቻውን ተነስቶ አያደርገውም፣ የሚያስደርገው ሰው አለ፣ ሀብት ያለው የቤት ጌታ ወይ የጎሳ አለቃ፣ ወጪው የሱ ነው፣ ጥቅሙም ለሱ ነው። ሜዳ ይመረጥና ይጠረጋል፣ ቦታው ይለካል፣ ሲያልቅ ተትቶ ይኬዳል፣ ዘላለም የሚቆም ቅዱስ ሕንፃ የሚባል ነገር አያውቁም። እሳቱ የሚወጣው ሁለት እንጨት በማፋተግ ነው፣ አንዱን አጋድመው ሌላውን በላዩ እያሾሩ፣ ገጣሚዎቹ በዚህ ይቀልዳሉ፣ አግኒ ገና ሲወለድ እናት አባቱን የሚበላ ልጅ ነው ይላሉ። መሬቱ ላይ ለስላሳ ሣር ይነጠፋል፣ ሣሩ ለአማልክቱ መቀመጫ ነው፣ መዝሙሩም ኑና በዚህ ሣር ላይ ተቀመጡ እያለ ይጠራቸዋል። አይታዩም ግን መጥተዋል። ምስል ያላስፈለጋቸውም ለዚህ ይመስለኛል፣ እንግዳው ራሱ መጥቶ ተቀምጧል። ከዚያ በእንጨት ጭልፋ ንጥር ቅቤ እሳቱ ላይ ይፈሳል፣ ነበልባሉ ሽቅብ ይዘላል፣ ያ ማለት አግኒ ተቀበለ ማለት ነው፣ እሱ የአማልክቱ አፍ ነው፣ መልእክተኛቸውም ነው፣ የበላውን ወደ ላይ ያደርስላቸዋል። ወተት፣ የገብስ ቂጣ፣ ፍየል፣ በግ፣ በሬ፣ በትልቁ ቀን ፈረስ ይቀርባል። አንዱ ካህን መዝሙሩን ይላል፣ አንዱ እጁን እያንቀሳቀሰ ሥራውን ይሠራል፣ ሌላው ያዜማል። ሚስትም ከባሏ ጋር ትገኛለች፣ አንድ መዝሙር ላይ እንደውም ባልና ሚስት በአንድ ልብ ሆነው ሶማ ሲጨምቁ ይታያሉ። ሎፓሙድራ፣ ጎሻና አፓላ በሚባሉ ሴቶች ስም የሚጠሩ መዝሙሮችም አሉ፣ ጥቂት ናቸው እንጂ።

ስጦታው በነፃ አይደለም። መቶ ዓመት መኖር፣ ወንዶች ልጆች፣ ላም፣ ፈረስ፣ ዝናብ፣ ጠላትን ማሸነፍ፣ ጥያቄው ይሄው ነው፣ ነፍሴን ከዚህ ዓለም አላቅልኝ የሚል እዚህ ዘመን ላይ አታገኙም። ጥያቄው ሲዘገይባቸው ደግሞ ነገር ይጀምራሉ፣ አንዱ ገጣሚ ለኢንድራ እኔ እንዳንተ የሀብት ሁሉ ጌታ ብሆን ኖሮ እኔን የሚያወድስ ሰው ላም በላም ይሆን ነበር ይለዋል፣ ሌላው ለአግኒ እኔ አንተን ብሆን አንተም እኔን ብትሆን የለመንከኝ ሁሉ ይፈጸምልህ ነበር። ፊት ለፊት ነው ዕዳውን የሚያስታውሰው። ይሄ ድፍረት አይደለም ለነሱ፣ ምክንያቱም አምላኩም ከመዝሙሩ ጉልበት ያገኛል፣ ኢንድራ በውዳሴና በሶማ ይጠነክራል ብለው ነው የሚያምኑት፣ ስለዚህ ሁለቱም ወገን ይፈላለጋል። ካህኑም ሒሳቡን አይረሳም፣ አንዳንዱ መዝሙር መጨረሻው ላይ እከሌ ይሄን ያህል ላም ይሄን ያህል ፈረስ ሰጠኝ ተባረክ የሚል አለው። ፖለቲካም ውስጥ አሉበት፣ ሱዳስ የሚባለው የባራታዎቹ አለቃ ዛሬ ራቪ በሚባለው ወንዝ ዳር አሥሩን ነገሥታት ሲያሸንፍ መዝሙሩ ድሉን የሚሰጠው ለኢንድራ ነው፣ ኢንድራን ወደዛ ጎን ያመጣው ደግሞ የኛ ቤት ጸሎት ነው ይላሉ የቫሲሽታ ልጆች።

ሶማ አሁንም የሚያጨቃጭቅ ነገር ነው። ተክል ነው፣ ከተራራ ይመጣል፣ በድንጋይ ይወቀጣል፣ ጭማቂው በበግ ሱፍ ይጣራል፣ ከወተት ጋር ይቀላቀላል፣ ለአማልክቱ ይፈሳል፣ ካህናቱም ይጠጡታል። ዘጠነኛው መጽሐፍ 114 መዝሙሮች አሉት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለዚህ ማጣሪያ ውስጥ ስለሚወርድ ጭማቂ ነው። አምላክም ነው መጠጥም ነው። ሶማን ጠጣን፣ የማንሞት ሆንን፣ ብርሃን ላይ ደረስን፣ አማልክቱን አገኘን ይላል አንድ ታዋቂ ስንኝ። ምን ተክል እንደነበር ግን እርግጠኛ መሆን አልተቻለም፣ ኤፌድራ የሚባል ቁጥቋጦ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ቀይ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለው መርዛማ እንጉዳይ ነው ያለም ነበረ። በዛው በኢራን በኩል የጥንቱ የፋርስ ሃይማኖት ተከታዮች ዞራስትራውያን ሃኦማ የሚሉት ተመሳሳይ መጠጥ አላቸው፣ ሁለቱ ሕዝቦች ዘመዳሞች እንደነበሩ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። በኋላ ዋናው ተክል ሲጠፋባቸው ህንዶቹ ሌላ ተክል ተክተው ቀጠሉ።

ስለ ከብት ነገር፣ ይሄ ዛሬ ህንድ ውስጥ ሲነሳ ሰው ይቆጣል ግን ጽሑፉ ያለውን ይላል፣ ኢንድራ ራሱ 15 እና 20 በሬ ይቀቅሉልኛል እያለ ሲኮራ የሚናገርበት መዝሙር አለ። በሌላ በኩል የምትታለበዋ ላም ከልብ ትወደሳለች፣ ላሞቹ መጡ፣ መልካም ነገር ይዘውልን መጡ፣ በጋጣችን ይረፉ የሚል መዝሙርም እዛው ነው ያለው። ሁለቱን አብረው ይዘው ይኖሩ ነበር፣ ከብት አርቢ ሁሉ እንደዛ ነው። የፈረሱ መሥዋዕት መዝሙር ደግሞ በጣም ይገርማል፣ ዝንብ የበላችው፣ ቢላው ላይ የቀረው፣ የአራጁ ጥፍር ውስጥ የገባው ሥጋ ሳይቀር ከአንተ ጋር ወደ አማልክት ይሂድ ይላል፣ ድስቱን ከፍቶ የሚያይ ሰው አለ፣ መዓዛው ደርሷል አውርዱት የሚል አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለፈረሱ አንተ እዚህ አትሞትም፣ አትጎዳም፣ በቀና መንገድ ወደ አማልክት ነው የምትሄደው ይሉታል። የገደሉትን እንስሳ እያባበሉ ነው፣ ጭንቀት እንዳለባቸው ይታያል። ያ ጭንቀት በኋላ ዘመን ወደ አለመግደል ትምህርት ሲሄድ ባይ አይገርመኝም።

እስካሁን ላም ስጠኝ ድል ስጠኝ ብቻ ከመሰላችሁ ቫሩና ጋ መምጣት አለብን። ቫሩና የሥርዓት ጠባቂ ነው፣ ፀሐይ በሰዓቷ እንድትወጣ፣ ወንዝ እንዲወርድ፣ ሰውም እውነት እንዲናገር የሚያደርገውን ሥርዓት ርታ ይሉታል፣ ተፈጥሮና ሥነ ምግባር አንድ ላይ ናቸው እዚህ። ጆሮ ጠቢዎች አሉት፣ ሁሉን ያያሉ፣ ጥፋተኛውን በገመዱ ያስረዋል፣ በሽታም የገመዱ ምልክት ነው። በሰባተኛው መጽሐፍ 86ኛው መዝሙር ላይ ቫሲሽታ ከራሱ ጋር ያወራል፣ መቼ ነው ወደ ቫሩና ተመልሼ የምቀርበው፣ ሳይቆጣ መሥዋዕቴን ይቀበል ይሆን እያለ፣ ጥፋቴ ምን እንደሆነ አዋቂዎችን ጠየቅሁ፣ ሁሉም ቫሩና ተቆጥቶብሃል ብቻ ነው ያሉኝ፣ ወዳጅህን ልትገድል የፈለግኸው ምን ያህል ትልቅ በደል ብበድል ነው፣ ጥጃ ከገመድ እንደሚፈታ ፍታኝ። ከዚያ ምክንያት ይደረድራል፣ ወድጄ አይደለም፣ መጠጥ ነው፣ ንዴት ነው፣ ቁማር ነው፣ አለማሰብ ነው፣ እንቅልፍ እንኳን ከጥፋት አያድንም። የሆነ ሰው ዛሬ ማታ ጻፈው ቢባል የሚታመን ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ውሃ መሃል ቆሞ የሚጠማው ሰው አለ፣ ጌታዬ ቫሩና ገና ወደ አፈር ቤት አልግባ ይላል።

ሞት ላይ እንዲህ ነው የሚያስቡት፦ ያማ የሚባል የመጀመሪያው ሟች ሰው መንገዱን አገኘ፣ ከሱ በኋላ የሞቱት ሁሉ በዚያው መንገድ ወደ አባቶች ይሄዳሉ፣ አራት ዓይን ያላቸው ሁለት ውሾች መንገዱን ይጠብቃሉ፣ እዛ ብርሃን አለ፣ ሶማ አለ፣ ዘመድ አለ። ካርማና ዳግም መወለድ ጠርቶ የሚመጣው ከመቶዎች ዓመታት በኋላ ኡፓኒሻድ በሚባሉት የፍልስፍና ጽሑፎች ውስጥ ነው። ማቃጠልም መቅበርም ነበራቸው። በአንዱ የቀብር መዝሙር ሚስት ከሬሳው አጠገብ ትተኛለች፣ ከዚያ ተነሺ፣ ወደ ሕያዋን ዓለም ተመለሺ፣ የተኛሽው ሕይወቱ ከወጣ ሰው ጎን ነው ይሏታል። ከባሏ ጋር ትቃጠል አይልም፣ ተነሺ ነው የሚለው። ከዚያ ምድርን እናት ልጇን በልብሷ እንደምትሸፍን ሸፍኚው ብለው ለምነው ወደ ጭፈራና ሳቅ እንመለስ ይላሉ፣ ለቀስተኛው ዕድሜው ይርዘም ብለው።

የሚጠራጠሩም ነበሩ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ኢንድራ የለም፣ ማን አየው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ መዝሙሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ፣ ገጣሚው ይመልስላቸዋል እንጂ አይደብቃቸውም። 10ኛው መጽሐፍ ላይ ደግሞ 129ኛው መዝሙር አለ፣ መጀመሪያ ያለውም የሌለውም አልነበረም ብሎ ይጀምርና ፍጥረት ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል፣ አማልክቱ እንኳን ከፍጥረት በኋላ ናቸው፣ ከላይ ሆኖ የሚያየው እሱ ያውቅ ይሆናል፣ ወይም እሱም አያውቅ ይሆናል ብሎ ያቆማል። እዛው 10ኛው ላይ 90ኛው መዝሙር ፑሩሻ የሚባል ግዙፍ ሰው ተሠውቶ ከአፉ ብራህሚን (ካህኑ)፣ ከክንዱ ተዋጊ፣ ከጭኑ ሠራተኛው ሕዝብ፣ ከእግሩ ሹድራ (አገልጋዩ) ወጣ ይላል። ሪግቬዳ ውስጥ አራቱ የሕዝብ ክፍሎች አንድ ላይ የሚጠሩት እዚህ ብቻ ነው፣ ያውም ዘግይቶ በተጨመረው መጽሐፍ። ስለዚህ ካስት፣ ማለትም ሰው በትውልዱ በመደብ መከፋፈሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳለ አድርጎ ማስረዳት ልክ አይመጣም፣ ሥሩ ሲበቅል ነው የምናየው።

ከዚያ በኋላ መሥዋዕቱ እየተወሳሰበ፣ እየተወደደ፣ ካህናት ብቻ የሚገባቸው እየሆነ ሄደ፣ እሳቱ ሦስት ሆነ፣ በምዕራብ ክብ፣ በምሥራቅ አራት ማዕዘን፣ በደቡብ ግማሽ ጨረቃ፣ የፈረሱ መሥዋዕትም ብቻውን ከዓመት በላይ የሚፈጅ የንጉሥ ጉዳይ ሆነ። የኡፓኒሻድ አሳቢዎች እሳቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ እስትንፋስና ወደ ሐሳብ ወሰዱት፣ ቡድሃና የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች ደግሞ የእንስሳ መሥዋዕትን ጭራሽ ተቃወሙት። ግን አልሞተም። ከሦስተኛው መጽሐፍ የወጣው የጋያትሪ ስንኝ በየጠዋቱ ይባላል፣ ሰርግ ዛሬም እሳት ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኬራላ ውስጥ ፓንጃል በምትባል መንደር የናምቡዲሪ ብራህሚኖች የጥንቱን የ12 ቀን የእሳት መሥዋዕት ሲያደርጉ በወፍ ቅርጽ የተደረደረ የጡብ መሠዊያ ሠሩ፣ ፍየሎች ይታረዳሉ ሲባል ተቃውሞ ተነሳና በምትኩ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ነገር አቀረቡ፣ ሲያልቅ ዳሱን ራሱ አቃጠሉት።

ማንበብ የሚፈልግ ካለ ከመጽሐፍ 1 ተነስቶ በተራ አይሂድ፣ ይሰለቻል። መጀመሪያ ሰባተኛው መጽሐፍ 103ኛውን፣ ዝናብ ሲመጣ የሚጮሁ እንቁራሪቶችን ከሚያዜሙ ካህናት ጋር የሚያመሳስለውን ያንብብ፣ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር እስካሁን ያከራክራል፣ እኔ ሁለቱንም ነው ባይ ነኝ። ቀጥሎ 10ኛው ላይ 34ኛው፣ ቁማር ሚስቱንና ቤቱን ያሳጣው ሰው ለቅሶ፣ ከዚያ የኢንድራና የዘንዶው ውጊያ፣ አንደኛው መጽሐፍ 32፣ ከዚያ የቫሲሽታ። ዘጠነኛውን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ 114 መዝሙር ሙሉ ጭማቂ ሲጣራ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል።